ጥቅምት ሲገባ ጓርዳ!

በስዊዘርላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኦስትሪያና ከጣሊያን ድንበር ሳትርቅ፣ ጓርዳ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ሁለት መቶ አይሞሉም። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ውሃ የማይቋረጥባቸው ገንዳዎች፣ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች፣ በቃ ይኸው ነው። ልቤን ይዛ የቀረችው ይህች ናት! ስዊዘርላንድ ሲነሳ ሁሉም ሰው ዘርማት፣ ኢንተርላከን፣ ሉሰርን ይላል። ያማሩ ናቸው፣ አልክድም። ለመኸር ዕረፍት ቦታ የምትፈልጉ ግን እባካችሁ ዘንድሮ ዓይናችሁን ካርታው ላይ ወደ ምሥራቅ አሻግሩና የታችኛውን ኤንጋዲን ሸለቆ ተመልከቱ። ሦስት ሌሊት ይበቃል። ሦስት ሌሊት ብቻ!

ከሁሉ በፊት ቀኑን እንምረጥ፣ ምክንያቱም የጓርዳ ምሥጢር ግማሹ ቀኑ ላይ ነው። በእነዚህ ተራሮች ላይ ላርች የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ሲያዩት ጥድ ይመስላል፣ ቅጠሉም እንደ ጥድ መርፌ ነው፤ ነገር ግን በመኸር ቅጠሉ ወርቅ ይሆንና ይረግፋል። በኦክቶበር አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት እንደገባ፣ ተዳፋቱ በሙሉ ይነድዳል። ከላይ የመጀመሪያው በረዶ ነጭ፣ መካከሉ ወርቅ፣ ከታች ኢን ወንዝ። ይህ ሁሉ በአንድ መስኮት! ሸለቆው በተራራ የተከበበና ዝናብ የማይበዛበት ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ግርማው ግን ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ሆቴሎች የበረዶ መንሸራተቻው ወቅት እስኪደርስ ይዘጋሉ። ስለዚህ ክፍል ስትይዙ ሆቴሉ እስከ ስንት ቀን ክፍት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከፍታውስ? መንደሯ 1,653 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ቆላ ነው ማለት ይቻላል፤ ልብ ሳይመታ፣ ትንፋሽ ሳያጥር እንደ ልብ ይወጣል፣ ይወረዳል። የሌሊቱ ብርድ ግን ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላልና ወፍራም ካፖርት ያዙ።

አሁን ወደ ቤቶቹ! ስለ እነዚህ ቤቶች ሳወራ መቆም አልችልም። ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል፤ ሥዕሉ ግን በብሩሽ የተቀባ አይደለም፣ የተጫረ ነው። ስግራፊቶ ይሉታል። ባለሙያው በመጀመሪያ ግድግዳውን በኖራና በአሸዋ ጠቆር ያለ ልስን ይለስነዋል። ልስኑ ሳይደርቅ በላዩ ነጭ ኖራ ይቀባል። ከዚያ እርጥበቱ ሳያልፍ በስለታም ብረት ነጩን እየጫረ ከሥር ያለውን ግራጫ ያወጣዋል። ስሕተትን መሸፈን የለም፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ማለትም የለም፤ ኖራው ከደረቀ አለቀ። ጥበቡ በህዳሴው ዘመን ከጣሊያን ተሻግሮ የመጣ ነው። ፀሐይ፣ ጽጌ፣ ማዕበል፣ ዓሣ፣ የባሕር ጭራቅ፣ ባሕር በሌለበት በዚህ ተራራ ላይ! አንዳንዱ በር አናት ላይ የሮማንሽ ቋንቋ ጽሑፍና ቤቱ የተሠራበት ዓመት ይነበባል።

አብዛኞቹ ዓመቶች በ17ኛው መቶ ዘመን ውስጥ የሚወድቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1622 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦስትሪያ ጦር ሸለቆውን ወርሮ መንደሮቹን አቃጠለ። ጓርዳም ነደደች። ሕዝቡ ከአመድ ላይ ተነሥቶ እንዲህ አድርጎ ሠራት። ተቃጥሎ ለተነሣ ቤት ይህን ሁሉ ጌጥ የሚያለብስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ በእነዚያ ሰዎች እቀናለሁ።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ትልቁ ቅስት በር የተሠራው ድርቆሽ የጫነ ጋሪ እንዲያልፍበት ነው፤ ጋሪው ሱሌር የሚባለውን ሰፊ አዳራሽ አቋርጦ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጎተራ ይገባ ነበር። ሰው፣ ከብትና ድርቆሽ በአንድ ጣሪያ ሥር! የሚሞቀው ክፍል ሽቱቫ ይባላል፣ ግድግዳውና ጣሪያው በተራራ ጥድ ሳንቃ የተለበጠ ነው፤ የእንጨቱ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላችኋል። መስኮቶቹ ከውስጥ ጠባብ፣ ወደ ውጭ እየሰፉ የሚሄዱ ናቸው፤ ብርሃኑን ይሰበስባሉ፣ ሙቀቱን ግን አያስወጡም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ ስላሉ፣ ከቻላችሁ ከዘመናዊ ክፍል ይልቅ በእንጨት የተለበጠውን ምረጡ።

መንደሯ እንዲህ ጸንታ የቆየችው በሰው ድካም ነው። ከ1939 እስከ 1945 ያኸን ኡልሪክ ኮንዝ የተባለ አርኪቴክት ያረጁትን ቤቶች ተራ በተራ አሳደሰ። ባለቤቱ ሴሊና ቾንዝ ደግሞ በ1945 ኡርስሊ ስለሚባል ልጅ የተረት መጽሐፍ ጻፈች፣ ሥዕሉን አሎይስ ካሪጄት ሣለው። ኡርስሊ በማርች 1 ቀን ልጆች ክረምትን ለማባረር ደወል ሲደውሉ ትንሿ ደወል ደርሳው የሚያዝን፣ ትልቁን ለማምጣትም በበረዶ ውስጥ ብቻውን ወደ ተራራ የሚወጣ ልጅ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ የማያውቀው ልጅ ማግኘት ይቸግራል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጽሐፉን አስቀድማችሁ አንብቡላቸው፤ ቤቶቹን ሲያዩ ከሥዕሉ ጋር እያመሳሰሉ ይፈነድቃሉ። በ1975 ጓርዳ ለቅርስ ጥበቃዋ የዋከር ሽልማትን ተቀብላለች።

ጉዞው ቀላል ነው። ከዙሪክ ላንድኳርት ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ በባቡር፣ ከዚያ ወደ ቀዩ የሬቲያ ባቡር መቀየር። ባቡሩ በ1999 የተከፈተውንና 19 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የቬሬይና ዋሻ አልፎ ኤንጋዲን ይደርሳል። ጨለማ፣ ጨለማ፣ ጨለማ፣ ድንገት ወርቅ! የጓርዳ ጣቢያ ከመንደሯ በታች ስለሆነ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ሽቅብ ያደርሳችኋል። ከኢትዮጵያ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትነሡ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ግን አይሆንም። ለጥቅምት ጉዞ ግንቦት ላይ ወረቀት መጀመር ነው። መገበያያው ዩሮ ሳይሆን ፍራንክ መሆኑንም አትርሱ፤ አገሩም ውድ ነው፣ ስለዚህ አንዳንዱን ምግብ ሽኩኦል ከተማ ካለ ሱቅ ሸምታችሁ ብትወጡ ይሻላል።

የመጀመሪያውን ቀን ለመንደሯ ስጡ። በማግስቱ በቦስቻ በኩል ወደ አርዴዝ በእግር ሂዱ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ መንገዱ በሙሉ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያሳይ ጉዞ ነው። አርዴዝ ውስጥ በ1647 የተሠራ፣ ግድግዳው ላይ አዳምና ሔዋን ያሉበት ቤት አለ፤ ሳታዩት እንዳትመለሱ! ከዚያ በባቡር ሽኩኦል። በዚህ አካባቢ ከሃያ በላይ የማዕድን ውሃ ምንጮች አሉ። በከተማዋ አንዳንድ ገንዳዎች በአንዱ ቧንቧ ተራ ውሃ፣ በሌላው የማዕድን ውሃ ይወርዳል። አስቡት፣ አምቦ ውሃ ከመንደር ቧንቧ በነፃ!

ሦስተኛው ቀን የብሔራዊ ፓርኩ ነው። በ1914 ሲመሠረት በአልፕስ ተራሮች የመጀመሪያው ነበር፤ ከመንገድ መውጣት፣ ቅጠል መቅጠፍ እንኳ አይፈቀድም። ከአገሪቱ ጠፍቶ የነበረው የአልፕስ የተራራ ፍየል በ1920 እዚህ ተለቅቆ ዳግም ተራብቷል። ይህ ፍየል የእኛው ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው! የዙሪኩ ተመራማሪ በርንሃርድ ኒቨርገልትም ዋልያን ሰሜን ተራሮች ላይ ወጥተው አጥንተዋል። ቀንዱን ገደል አፋፍ ላይ ስታዩ ዘመድ ያገኛችሁ ያህል ይሰማችኋል። ቀዩ አጋዘን በፓርኩ ቫል ትሩፕቹን ሸለቆ የሚያገሳው ግን ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከወርቁ ቀን ጋር ማገጣጠም ይከብዳል። አንዱን ምረጡ ካላችሁኝ እኔ ያለ ማመንታት ወርቁን እመርጣለሁ።

ማታ ማታ የገብስ ሾርባ ጠጡ፤ የደረቀ የበሬ ሥጋ እየተከተፈ የሚገባበት፣ ወፍራም፣ የሚያሞቅ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ! ከዚያ የኤንጋዲን የለውዝ ኬክ፣ ዋልነት በተቃጠለ ስኳርና በክሬም ተለውሶ የሚጋገረው። ቁራሹ ትንሽ ነው፣ ግን ከባድ ነው፤ ለሁለት ተካፈሉት፣ ሙሉውን ደግሞ ለቤተሰብ አስጠቅልሉ፣ ቶሎ አይበላሽምና። መንገድ ላይ የምታገኙት ሁሉ «አሌግራ» እያለ ሰላምታ ይሰጣችኋል፤ እናንተም መልሱለት። ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ሰው የሚናገረው ሮማንሽ ከ1938 ጀምሮ አራተኛው ብሔራዊ ቋንቋ ነው፣ ሰዎቹም ሲኮሩበት ያምርባቸዋል።

እንግዲህ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ምልክት አድርጉ፤ ሰው የሚቀንስበትን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ክፍል ስትይዙም መስኮቱ ወደ ሸለቆው፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ይሁንልኝ በሉ። ዛሬውኑ ደውሉ!