ገምጋሚው የት ተቀምጦ ተጫወተ? አመኔታና የግል ስሜት በቪዲዮ ጌም ሒስ

በቪዲዮ ጌም ሒስ ላይ ዘወትር የሚሰነዘረው ክስ «ይህ እኮ የራሱ ስሜት ነው» የሚል ነው። ክሱ እውነት ቢሆንም ጥፋት አያሳይም። ጌም ያለ ተጫዋች ሙሉ አይሆንም፤ ገምጋሚውም ከጣቱ ፍጥነት፣ ከትዕግሥቱና ቀድሞ ከተጫወታቸው ጌሞች ሌላ ሚዛን የለውም። አመኔታን የሚያፈርሰው በምን ሁኔታ እንደተጫወተ ሲደብቅ ነው።

የጌም ገምጋሚው ጄፍ ገርስትማን በ2007 እ.ኤ.አ. በጌምስፖት ድረ ገጽ ላይ «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተባለው ጌም ከ10 ነጥብ 6 ሰጠ። የዚያው ጌም ማስታወቂያ በወቅቱ ድረ ገጹን ሞልቶት ነበር። ገርስትማን ከሥራው ተሰናበተ፤ ስንብቱ ከአስተዋዋቂዎች ጫና ጋር የተያያዘ እንደነበር በ2012 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናገረ። ስድስቱ ይገባዋል አይገባውም የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። አንባቢው የደነገጠው ከነጥቡ ጀርባ ሌላ እጅ እንዳለ ሲያውቅ ነው።

ስሜቶችን ደምሮ ማካፈልም መፍትሔ አይሆንም። ሜታክሪቲክ የብዙ ገምጋሚዎችን ነጥብ ወደ አንድ አኃዝ ይጨምቃል። «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ»ን የሠራው ኩባንያ ኦብሲዲያን በሜታክሪቲክ 85 ቢያገኝ ጉርሻ ይከፈለው ነበር፤ 84 ላይ ቀረ። የአንድ ነጥብ ልዩነት የሚለካው ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳ አይችልም፤ የሠሪው ኪስ ግን ለክቶታል።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ግምጃ ቤት ወይም ወደ እንጅባራ ከተማ እንምጣ። እንዲህ ባሉ ከተሞች የጌም ሒስ የሚሰማው በፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ ተራ ጠባቂው ከተጫዋቹ ጀርባ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ሦስት ለዜሮ የተሸነፈው ልጅ «ጆይስቲኩ አይታዘዝም» ሲል ሽንፈቱን ያዩት ሁሉ ቅሬታውን ቀንሰው ይሰሙታል። ያሸነፈው ያንኑ ቢደግም ግን ጆይስቲኩ ይቀየራል። በዚህ ቤት ገለልተኛ ሰው የለም፤ ቢሆንም ማን ከየት ሆኖ እንደሚናገር ሁሉም ስለሚያይ ፍርዱ ይታመናል። ከትልልቆቹ የጌም ድረ ገጾች የጎደለው ይኸው ይመስለኛል።

የገበጣን ነገር ብናይ ጉዳዩ ይጠልቃል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነት አጨዋወቶችን መዝግቧል። የኢትዮጵያው ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ ሲያመጣው ከእነዚህ ሁሉ መምረጥ ግድ ነበር። በሌላ ሕግ ያደገ ሰው «ሕጉ ተሳስቷል» ብሎ አንድ ኮከብ ቢሰጥ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የመዘነው ጌሙን ሳይሆን በመንደሩ አጨዋወትና በጌሙ መካከል ያለውን ርቀት ነው። «እኛ ዘንድ ጠጠሩ እንዲህ ነው የሚዘራው» ብሎ ቢጀምር ግን አስተያየቱ ለሠሪውም ለአንባቢውም ይበጃል።

ስለዚህ በአማርኛ ጌም የሚገመግም ሰው ከነጥቡ በፊት ጌሙን በየትኛው ስልክ እንደተጫወተ፣ ገዝቶት ይሁን ተሰጥቶት፣ ለማውረድ ስንት ጊጋ እንደፈጀበት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጌሙ ይቀጥል እንደሆነ ይንገረን። በካሊፎርኒያ በፈጣን መስመር ተጫውቶ 9 የሰጠ ሰው አልዋሸም፤ አሮጌ ቴክኖ ስልክ የያዘ ተማሪ ግን በዚያ 9 ምን ያደርግበታል?

ሁኔታን መግለጽም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። የጌም መሸጫው ድረ ገጽ ስቲም ተጫዋቹ ጌሙ ላይ ያሳለፈውን ሰዓት ከአስተያየቱ አጠገብ ያሳያል። ጌሙን ከፍቶ ራት ሊበላ ለሄደውም ሰዓቱ ይቆጠርለታል።