የጉምቦ ድስትና የእንግዳ ማዕድ፦ የሉዊዚያና የምግብ ጉብኝት ሲገመገም

የአንድ ሕዝብ ምግብ ረኀብ ማስታገሻ ብቻ አይደለም። እንደ ዜማው፣ እንደ ሽመናውና እንደ ተረቱ ሁሉ የታሪኩ መዝገብ፣ የሥራው ውጤትና የጥበቡ መግለጫ ነው። በመሆኑም ምግብ ለእንግዳ ዐይን ሲቀርብ አቀራረቡ እንደ ቲያትር ወይም እንደ ሥዕል ትርኢት ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል። ከዚህ አንጻር ብዙ ትምህርት ከሚገኝባቸው አንዱ በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት የሚደረገው የምግብ ጉብኝት ነው። በገና፣ በካርኒቫልና በፋሲካ ሰሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከኒው ኦርሊንስ እስከ ላፋየትና ዩኒስ ይዘልቃሉ፤ የ«ክሪዮል»ና የ«ኬጀን» ምግብ ቀምሰው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ዋናው ጥያቄ ግን ቤተሰቡ ምን በላ ሳይሆን ምን ዐወቀ የሚለው ነው።

የትርኢቱ ዋና ተዋናይ ጉምቦ የተባለው ወጥ ነው። ዱቄት በስብ እስኪጠቁር ሳይታክቱ እያማሰሉ ይቁላላል፤ ሽንኩርት፣ ሰለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ተከትፎ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ዶሮ፣ ቋሊማ ወይም ሽሪምፕ ገብቶበት ከሩዝ ጋር ይቀርባል። በዚህ አንድ ድስት የሦስት ክፍለ ዓለማት እጅ አለበት። ዱቄትን በስብ የማቁላላቱ ዘዴ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ወጡን የሚያወፍረው የሳሳፍራስ ቅጠል ዱቄት የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ የቾክቶዎች ዕውቀት ነው። ስሙ ደግሞ ባሚያን ከሚያመለክት የአፍሪካ ቃል እንደ መጣ በብዙዎች ይታመናል፤ ባሚያውም በእኛው ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ከሚበቅለው የተለየ አይደለም። ይሁን እንጂ አፍሪካውያኑ ወደዚያ የሄዱት ለጉብኝት አልነበረም። ከ1719 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፤ ቀጥሎ ያሉትም ዘመናት እንዲሁ) ጀምሮ በባሪያ መርከብ ተጭነው ነው። ድስቱን አሳምሮ የሚያሳይ፣ ይህን ግን የሚዘል ጉብኝት ግማሽ ትርኢት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የስም አሰጣጥ ነው። የጉብኝት መጻሕፍት ነገሩን ለማቅለል ሲሉ «ክሪዮል የከተማ፣ ኬጀን የገጠር ምግብ ነው» ይላሉ። ኬጀኖች እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከአካዲያ፣ ማለትም ከዛሬዋ የካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያባረሯቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው። ክሪዮል የሚለው ቃል ግን መጀመሪያ በቅኝ ግዛቱ የተወለደውን ሰው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ የሚያመለክት ነበር፤ በገጠሩም ሩዝ የሚያመርቱና ዛይዲኮ የተባለውን ሙዚቃ የፈጠሩ ጥቁር ክሪዮሎች ኖረዋል። ቀላሉ ክፍፍል እነዚህን ገበሬዎች ከገዛ ማዕዳቸው ያስነሣቸዋል።

ለመምህራን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የቋንቋው ዕጣ ነው። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ደነገገ፤ በአያቶቻቸው ቋንቋ የተናገሩ ልጆችም በትምህርት ቤት ይቀጡ ነበር። ፈረንሳይኛን የሚያስፋፋ የግዛቱ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1968 ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን አንድ ትውልድ አልፎ ነበር። ስለዚህ እንግዳው በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚያነብበውን የፈረንሳይኛ ቃል የአብሳዩ ልጅ ላይናገረው ይችላል። ወጡ ሲቀር ቋንቋው መመናመኑ፣ ባህል የሚሸጠው ክፍሉ ብቻ ሲጠበቅ ምን እንደሚደርስበት በጉልህ ያሳያል።

በዓሉም ቢሆን ቦታውን ለውጧል። ሬቬዮን የተባለው የክሪዮሎች የገና ማዕድ ከመንፈቀ ሌሊት ቅዳሴ በኋላ ቤተ ዘመድ በቤቱ የሚቋደሰው ነበር፤ ዛሬ በኒው ኦርሊንስ ምግብ ቤቶች በታኅሣሥ ወር በቁርጥ ዋጋ ይቀርባል። በአንጻሩ በዩኒስና በማሙ ገጠር፣ በካርኒቫል ማክሰኞ፣ ጭምብል ያጠለቁ ፈረሰኞች ከቤት ወደ ቤት እየዘፈኑ ለጉምቦው ዶሮና ሩዝ ይለምናሉ፤ ማታ ሁሉም በአንድነት ይበላል። የሆያ ሆዬን ሥርዐት የሚያውቅ አንባቢ ምሥጢሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ድስቱ የሁሉም መዋጮ ነው።

ገበያ ሁልጊዜ አጥፊ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከጭሰኛ ቤተሰብ የተወለደው ፖል ፕሩዶም በ1979 በኒው ኦርሊንስ በከፈተው ምግብ ቤት የገጠሩን ምግብ ክብር አጐናጽፎታል። ሆኖም በጋለ መጥበሻ ያጠቈረው ቀይ ዓሣ ዝናው ከመጠን በማለፉ በ1980ዎቹ ዓሣው ተመናመነ፤ መንግሥትም በባሕረ ሰላጤው ለንግድ እንዳይጠመድ እስከ መከልከል ደረሰ። ጥበቡ ተመሰገነ፤ የጥበቡ ምንጭ ተጐዳ።

ከሁሉ የላቀው ምሳሌ የጥቁር ሴቶች ሥራ ነው። በቤት ሠራተኝነት የጀመረችው ሊና ሪቻርድ በ1939 የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1949ም የዘር መድልዎ ሕግ ባልተሻረበት ከተማ በቴሌቪዥን ምግብ አሠራር አስተማረች። ሊያ ቼዝ ደግሞ በዱኪ ቼዝ ምግብ ቤት ጥቁርና ነጭ አብሮ መቀመጥ በተከለከለበት ዘመን የሲቪል መብት ታጋዮችን አንድ ላይ አበላች፤ ግድግዳውንም በጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ሥራ ሞላችው። ምግብ ቤቱን በ2005 የካትሪና ማዕበል ቢያጥለቀልቀውም ዳግም ተከፍቷል፤ ሊያ በ2019 እስክታርፍ ድረስ የጸሎተ ሐሙስ የጐመን ጉምቦዋ አልተቋረጠም። በዚህ ማዕድ ምግብ፣ ሥዕልና ታሪክ አልተለያዩም። የመልካም አቀራረብ መለኪያው ይህ ነው።

ይህ መለኪያ አስቸኳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ከ1932 እስከ 2016 የሉዊዚያና ጠረፍ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በውሃ ተወስዶበታል፤ ሽሪምፕ አጥማጁ መንደር ከሥሩ እየተሸረሸረ ነው። መንደሩ ሲፈርስ የድስቱ አሠራር በመጽሐፍ ሊቀር ይችላል፤ በአንድነት የሚያማስለው ሕዝብ ግን በመጽሐፍ አይቀመጥም። ስለሆነም ልጆቹን ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ ከማዕዱ ከመነሣቱ በፊት፣ ይህን ማን ሠራው? በምን ቋንቋ ተማረው? ነገስ የት ሆኖ ይሠራዋል? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ጉብኝቱን የሚያዘጋጁትም መልሱን ከሚያውቁት፣ ከምድጃው አጠገብ ከቆሙት ሰዎች አፍ ማሰማት ግዴታቸው ነው።