«ሱፍል»፤ ጥቁሯ ፀሐይና ገጾቿ

አንድ የኪነ ጥበብ መጽሔት በሚገመገምበት ጊዜ ገምጋሚው አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙንና መጣጥፉን አንድ በአንድ ይመዝንና ሽፋኑን፣ የፊደሉን አጣጣልና የሥዕሉን ቦታ «ይህ የማተሚያ ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት ከ1966 ጀምሮ፣ በ1972 እስከታገደበት ጊዜ ድረስ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይታተም የነበረው «ሱፍል» ግን በዚህ ሚዛን ቢመዘን ግማሽ አካሉ ሳይመዘን ይቀራል። መጽሔቱ ሲጠነሰስ ገጣሚውና ሠዓሊው አብረው ነበሩና።

የመሠረቱት አገራቸው ነፃ ከወጣች ከዐሥር ዓመት በኋላ ብዕራቸውን ያነሡ ወጣት ገጣሚያን ናቸው። ከእነርሱም ዋነኛው የፈረንሳይኛ መምህር የነበረው አብደላጢፍ ላዓቢ ሲሆን፣ ሞሐመድ ኻይረዲንና ሙስጠፋ ኒሳቡሪ ከጎኑ ተሰልፈዋል። ያነሡት ጥያቄ ከባድ ነበር፤ የቅኝ ገዥው ጦር ለቆ ከወጣ በኋላ በትምህርት ቤቱ፣ በሥዕል አዳራሹና በገጣሚው ምላስ ላይ ተደላድሎ የቀረውን ገዥ ማን ያስወጣዋል? የመጽሔቱ ስም በፈረንሳይኛ «እስትንፋሶች» ማለት ነው። ኋላ በዐረብኛ የወጣው እኅት መጽሔት ደግሞ «አንፋስ» ተባለ፤ ነፍስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ እያለ ለሚናገር የአማርኛ አንባቢ ይህ ቃል ባዳ አይሆንበትም።

ሽፋኑን ያበጀው ሠዓሊው ሞሐመድ መለሂ ነው። አንዲት ጥቁር ፀሐይና የመጽሔቱ ስም፤ ከዚያ ወዲያ ጌጥ የለም። ከዕትም ወደ ዕትም የሚለወጠው ቀለሙ ነው። ይህ ቁጥብነት ከገንዘብ ማጣት የመጣ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። ለባዕድ ዐይን የተሠራው የሞሮኮ ሥዕል ለረጅም ጊዜ ግመልና ዘንባባ፣ ዐይነ ርግብ የጣለች ሴትና ወርቃማ ፀሐይ ሲደጋግም የኖረ ነው። መለሂ ያችኑ ፀሐይ ወስዶ አጠቆራት። ጎብኚው የሚሻውን ብርሃን ነሥቶ አንባቢውን ቆም ብሎ እንዲያይ አስገደደው። ላዓቢ በረጅም መጣጥፍ የተናገረውን ሠዓሊው በአንድ ክብ ተናግሮታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቅርጽና የይዘት አንድነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በ1967 በወጣው በ7ኛውና በ8ኛው ጥምር ዕትም ነው። ዕትሙ ለሥነ ጥበብ የተሰጠ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ለአገሩ ሠዓሊያን ጥያቄ አቅርበው መልሳቸውን በየራሳቸው ቃል አትመውላቸዋል። የዚህን ዕትም ጉልበት ለመረዳት ከጀርባው የነበረውን የካዛብላንካ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ፋሪድ በልካሂያ ከ1962 ጀምሮ ይመራው በነበረው በዚህ ትምህርት ቤት መለሂና ሞሐመድ ሸባዓ ያስተምሩ ነበር፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርቷ ቶኒ ማራይኒና የገጠሩን ዕደ ጥበብ ያጠና የነበረው ሆላንዳዊው በርት ፍሊንትም አብረዋቸው ነበሩ። ተማሪው የግሪክና የሮማ ሐውልት ግልባጭ ፊት ተቀምጦ እርሱኑ ሲቀዳ እንዳይኖር፣ የአማዚግ ሴቶች የሚሠሩትን ምንጣፍ፣ የብሩን ጌጣጌጥ፣ በገጠር መስጊዶች ጣሪያ ላይ የተቀባውን ሐረግ እንዲመረምር አደረጉት። በልካሂያ ራሱ የዘይት ቀለሙንና ሸራውን ትቶ ወደ መዳብ፣ ኋላም ወደ ቆዳና ወደ ሂና ዞረ። እንግዲህ በዚህ ዕትም የተናገሩት ሠዓሊያን «ባህላችን ይከበር» የሚለውን የተለመደ መፈክር አላስተጋቡም። በምንጣፉ ላይ ያለው ሦስት ማዕዘንና የተጠማዘዘ መስመር የአንድ ሕዝብ የአስተያየት ሥርዐት መሆኑን፣ ዘመናዊውን ሥዕል ከፓሪስ ሳይለምኑ ከዚያው ማውጣት እንደሚቻል በሥራቸው አስደግፈው ተከራከሩ። ሥዕል በዚህ ዕትም የጽሑፍ አሽከር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይኸው ዕትም እንከን አለበት፤ እንከኑም ትንሽ አይደለም። ስለ ምንጣፍ ሠሪዋ ብዙ ይነገራል፤ እርሷ ግን አትናገርም። የሚናገሩት ሠዓሊያንና ምሁራን ናቸው፤ የሚናገሩበትም ቋንቋ የገዥው የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። አዘጋጆቹ ይህን ቅራኔ ሳያዩት አልቀሩም። በ1968 በወጣው በ10ኛውና በ11ኛው ጥምር ዕትም ዐረብኛ ከፈረንሳይኛው ጎን ገባ። አንዱ ጽሕፈት ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ በሚነሣበት ጥራዝ የትኛው ወገን «ፊት»፣ የትኛው «ጀርባ» ይሁን የሚለው ጥያቄ ከገጽ አደራደር አልፎ የአቋም ጥያቄ ይሆናል። በ1971 «አንፋስ» ራሱን ችሎ ሲወጣ ዐረብኛው የራሱን ፊት አገኘ። ማንበብ ያልተማረው ሰፊው ሕዝብ ግን በየትኛውም በኩል ቢገለጥለት ያው ነበር።

ለዚህ የተሻለ መልስ የሰጡት ሠዓሊያኑ ናቸው፤ መልሱም በወረቀት ላይ አልነበረም። በ1969 በማራኬሽ ጀማዕ ኤልፍና በተባለው አደባባይ በልካሂያ፣ መለሂ፣ ሸባዓ፣ ሐሚዲ፣ ሐፊድና አታላህ ሥዕሎቻቸውን አውጥተው በግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ተረት ነጋሪው፣ እባብ አጫዋቹና ውሃ ሻጩ በሚውሉበት ቦታ፣ ፀሐይና አቧራ እየመታው፣ ሥዕሉ ያለ መግቢያ ካርድ ታየ። መጽሔቱ ሦስት ዓመት የተከራከረለትን ጉዳይ ይህ ትርኢት በጥቂት ቀናት አሳይቷል።

በዚያው ዓመት የወጣው 15ኛው ዕትም ለፍልስጥኤም አብዮት የተሰጠ ነበር። መቀመጫው አዲስ አበባ በነበረው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ሥር በሐምሌ 1969 በአልጀርስ የተካሄደው የመላ አፍሪካ የባህል ፌስቲቫልም የነፃነት ትግልንና የባህልን ጥያቄ አንድ አድርጎ አንሥቷል። ማዕድን መሐንዲሱ አብርሃም ሰርፋቲ ከላዓቢ ጎን ቆሞ ነበርና መጽሔቱ ከባህል መድረክነት ወደ ፖለቲካ ልሳንነት ተሸጋገረ። በዚህ ሽግግር ጥቁሯ ፀሐይ ከሽፋኑ ወረደች፤ መለሂም ተለይቶ በ1971 «ኢንቴግራል» የተባለ የሥነ ጥበብ መጽሔት አቋቋመ። የኋለኞቹ የ«ሱፍል» ዕትሞች ትንታኔያቸው የበረታ፣ ቃላቸው የተሳለ ነው። ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ግን ጠቧል። ሽፋኑም ከሌሎች የዘመኑ የትግል ኅትመቶች የሚለየው ምልክት አጥቷል።

«ሰው በሚታሰርበት ዘመን ስለ ሽፋን መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ክርክሩ ክብደት አለው። ላዓቢ በጥር 1972 ተይዞ ሥቃይ ተፈጽሞበታል፤ ዐሥር ዓመት ተፈርዶበት በ1980 ነው የተፈታው። ሰርፋቲ ከ1974 እስከ 1991 በእስር ኖሯል። ነገር ግን በ1972 ከታሰሩት መካከል ሠዓሊው ሸባዓም ነበር። ፊደል መጣልና ሽፋን ማበጀት የሚያስተምረው ሰው ከትግሉ ሰው ጋር በአንድ ሰንሰለት ከታሰረ፣ ቅርጹን የወረወረው ክፍል ከጠላት ያዳነው ነገር የለም። ገጣሚዎቹ ይዘታቸውን ለማጥበቅ መብት ነበራቸው፤ ስሕተታቸው ሠዓሊው ለጸጥታው ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ እንግዳ መስሎ እንዲታይ መፍቀዳቸው ነው። የፍልስጥኤሙ ጉዳይ ከምንጣፉ ያነሰ ዐይን አይገባውም ነበር።

22ቱ የ«ሱፍል» ዕትሞች ዛሬ በሞሮኮ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አማካይነት በኢንተርኔት ሊነበቡ ይችላሉ። ፈረንሳይኛ የማያነብ ሠዓሊ ወይም የሥዕል መምህር እንኳ ቢሆን የ1967ቱን ጥምር ዕትምና ከ15ኛው ወዲህ ያሉትን ጎን ለጎን ከፍቶ ገጹን ብቻ ቢያይ፣ መጽሔቱ የተለወጠበትን ቦታ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል።