ሰጪ፣ ጎብኚ፣ ባለቤት፦ ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የአማርኛ መግለጫዎች የቀረበ ሂስ

ባለፈው ዓመት ከአምቦ ወደ ሐሮ ወንጪ በወጣሁ ጊዜ በእጄ አንድ የታተመ ወረቀት ነበረ። ወረቀቱ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች አረጋውያንንና ተማሪዎችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ለሰጪዎቹና ድረ ገጹን ለሚያነቡ ሰዎች ያወጣው መግለጫ ነው፤ የድርጅቱን ስም መጥራት ለጉዳዩ አይጠቅምምና እንተወው። መግለጫው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «የልገሳ አቀባበል ፖሊሲ»፣ ሁለተኛው «የጎብኚዎች ግላዊነት ጥበቃ» ይሰኛል። ሁለቱም ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ለመሆናቸው የዐረፍተ ነገሮቻቸው አካሄድ ይመሰክራል።

በሐይቁ አፋፍ ፈረስ በተራ ከሚያቀርቡት ሰዎች ለአንዱ የሁለተኛውን ክፍል ርእስ አነበብሁለት። «ጋሼ፣ ጎብኚ እንዳይዘረፍ ነው የሚጠብቁት?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አልነበረም። በወንጪ ጎብኚ ማለት መግቢያውን ከፍሎ፣ ፈረስ ተከራይቶ ወደ ሐይቁ የሚወርድ እንግዳ ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ እርሱም መታየቱን ያውቃል። መግለጫው ጎብኚ የሚለው ግን በቤቱ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ፣ መታየቱንም የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍች መያዙ በቋንቋ ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው አዲሱ ፍች የሰውየውን ዋና ሁኔታ፣ ይኸውም ሳያውቅ መታየቱን፣ ሲሸፍን ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ገጽ የገባ ሰው ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ ገንዘቡ፣ ሁለተኛው ስለ ራሱ የሚያስቀረው ዕውቀት ነው። ለመጀመሪያው ደረሰኝ ይቈረጥለታል፤ ለሁለተኛው ያለው ደረሰኝ የመግለጫው ቃላት ብቻ ናቸው። ቃላቱ ከተሳከሩ ደረሰኙ አይነበብም።

፩. ስለ መስጠት

መግለጫው ወደ ድርጅቱ የሚገባውን ሁሉ ልገሳ ይለዋል። ገንዘብ፣ ልብስ፣ መሬት፣ የነጋዴ ስም ተለጥፎበት የመጣ ኮምፒዩተር፣ ሁሉም ልገሳ ነው። ለገሰ የሚለው ግሥ ግን ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን የአድራጊውንም ጠባይ ይናገራል፤ ለጋስ ማለት እጁ የተፈታ፣ የማይሰስት ማለት ነውና። ስለሆነም ልገሳ ያልነውን ነገር ገና ሳናየው አመስግነነዋል። ያመሰገኑትን መልሶ መመርመር፣ ከዚያም አልፎ አልቀበልም ማለት ይከብዳል። የአቀባበል ደንብ የሚጻፈው ግን በይበልጥ የማይቀበሉትን ለመለየት ነው።

አማርኛ ለዚህ ልየታ የቃል ድኽነት የለበትም። ምጽዋት ለድኻ ይሰጣል፤ መባና አሥራት ለቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ስለት ልመናው የሠመረለት ሰው የሚያስገባው ነው፤ መዋጮ በአባላት መካከል በድርሻ ይከፈላል፤ እጅ መንሻ ከታናሽ ወደ ታላቅ ይሄዳል፤ መማለጃ ፍርድ ያጣምማል። እያንዳንዱ ቃል ማን ለማን እንደ ሰጠ፣ በውድ ይሁን በግድ፣ በምላሹም ምን እንደሚጠበቅ አብሮ ይናገራል። እነዚህም የማንኛውም የአቀባበል ደንብ ዋና ጥያቄዎች ናቸው። ጨረታ ለማሸነፍ የሚሻ ነጋዴ ለሥራ አስኪያጁ ያመጣው ዕቃ በልገሳ ስም ሲመዘገብ፣ እጅ መንሻነቱ በቃሉ ውበት ይሰወራል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ይበልጥ ጠንቃቃ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2427 ጀምሮ ጉዳዩን ስጦታ ይለዋል። ስጦታ ጠባይን አያወድስም፤ ውል ነውና ሰጪውንም ተቀባዩንም ያሳያል። የገንዘቡ ምንጭም ቢሆን ዋዛ ሆኖ አያውቅም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 «የኢትዮጵያ» ተብለው የተመዘገቡ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ እንዳያገኙ ገድቦ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ይህ ገደብ ተነሣ፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። እንግዲህ «ከማን መጣ? ወዴት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ የአንባቢ መብት ሆኖ ሳለ፣ ልገሳ የሚለው አንድ ቃል ጥያቄውን ያዳፍነዋል።

ሰጪው በስሙ ይታወቅ ወይስ ይሰወር የሚለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ወንጪ የመስጠትን ልዩ ልዩ መልክ በአንድ ቦታ ያሳየናል። ወደ ደሴቱ ወደ ቂርቆስ ገዳም የሚሻገር ምእመን በሙዳየ ምጽዋት የሚጥለው ገንዘብ ስም የለውም፤ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ እጅ እንዳያውቅ የሚያዝዘው የወንጌል ትምህርት በሣጥኑ ተሠርቶ ይታያል። ስለት ያስገባ ሰው ግን ስሙ ተጠርቶ እልል ሊባልለት ይወዳል። በ2012 ዓ.ም. ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ ልማት 3 ቢሊዮን ብር ለመሰብሰብ ታስቦ «ገበታ ለሀገር» በተጠራ ጊዜ ደግሞ መስጠት የአደባባይ ሥራ ሆነ፤ በልማድ ገበታ የሚያቀርብ ባለቤቱ፣ የሚመገብ እንግዳው ሲሆን፣ በዚህ ገበታ እንግዳው ከፋይ ነበር። በኦሮሞ ባህል ያለው ቡሳ ጎኖፋም ከብቱን ላጣ ሰው ወገኑ የሚያዋጣበት ሥርዐት ነው፤ በዚያ መሰወር የለም፣ ድርሻውን ያላወጣ ይታወቃልና። ከእነዚህ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት አይደለም። ዋናው ነገር ሰጪው በየትኛው መንገድ እየሰጠ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቁ ነው። በሙዳይ የጣለ መስሎት ስሙ በአደባባይ የተነበበ ሰው ግን ተታልሏል።

፪. ስለ ግላዊነት

ግላዊነት የሚለው ቃል በትክክለኛ የአማርኛ እርባታ የተፈጠረ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሥርም የግል ሕይወት መብት ሆኖ ተደንግጓል። ሆኖም ቃሉ በተራው አንባቢ ጆሮ ግለኝነት ከሚለው ጋር ይምታታል። ግለኝነት ለብዙ ዘመን የነቀፌታ ቃል ሆኖ የቈየ በመሆኑ «ግላዊነትዎን እንጠብቃለን» ሲባል አንዳንዱ ራስ ወዳድነቱ የሚጠበቅለት ይመስለዋል።

ከዚህ ይልቅ ሕዝቡ ገመና የሚል ጥንታዊ ቃል አለው። ገመናውን ከተተለት፣ ገመናዋን አወጣባት ይባላል። ቃሉ የሰው ቤት ውስጡ ለውጭ እንደማይገለጥ ሲያስረዳ ማንም አይስተውም። ነገር ግን ገመና ከኀፍረት ጋር የተያያዘ ነው፤ የስልክ ቍጥር ወይም የመኖሪያ ቀበሌ አያሳፍርም፣ ሆኖም በማንም እጅ ሊገባ አይገባም። ስለዚህ ገመናን ለሕግ ስያሜነት አናቀርበውም። ጥቅሙ ማስረጃነቱ ነው፤ ሐሳቡ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳልሆነ ይመሰክራልና። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለውም ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ሰው ከራሱ ይበልጥ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠረጠር ያሳያል።

፫. ለአንድ ነገር ሦስት ስም

ከሁሉ የከፋው ችግር በዚህ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 «የግል ዳታ ጥበቃ» ይላል። በአማርኛ የተዘጋጁ የእጅ ስልኮች «ውሂብ» ይላሉ። የድርጅቶች መግለጫዎች «መረጃ» ይላሉ። ሦስቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ለአንባቢ የሚነግረው የለም።

ዳታ በአምቦ ገበያም ሆነ በአዲስ አበባ የታወቀ ቃል ነው፤ ትርጕሙ ግን ሌላ ነው። «ዳታ አለቀብኝ»፣ «ዳታህን አብራ» ሲባል ከቴሌ የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ማለት ነው። እንግዲህ የግል ዳታ ጥበቃ ሲሰማ ጥቅሉ እንዳይሰረቅበት የወጣ ሕግ የሚመስለው ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

ውሂብ ከግእዙ ወሀበ፣ ሰጠ ከሚለው የወጣ ነው፤ ሀብትም የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። ዳታም በላቲን የተሰጡ ነገሮች ማለት ስለ ሆነ አቻው በብልሃት የተመረጠ ነው። ይሁን እንጂ ሰውየው ሳያውቅ የተወሰደበትን ነገር «የተሰጠ» ብሎ መጥራት ሙግቱን ገና ሳይጀመር መፍረድ ነው።

መረጃ ለሁሉም ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ስለ አገር ጸጥታ የሚሰበሰበውን፣ ወይም ለሕዝብ የሚነገረውን ያሳስባል እንጂ አንድ ሰው ባለቤቱ የሆነውን አያሳስብም። ይህን ጕድለት ግን አንድ አገናዛቢ ይሞላዋል፤ «ስለ እርስዎ የያዝነው መረጃ» ቢባል ባለቤቱ ወዲያውኑ ይታወቃል። የዚህ ጸሐፊ ምርጫም ይኸው ነው፤ በመግለጫው መጀመሪያ ግን «በሕግ የግል ዳታ የሚባለው» ተብሎ አንድ ጊዜ መጠቀስ አለበት። ያለዚያ አንባቢው ሕግ የሰጠውን መብት በሌላ ስም ስለሚያገኘው መብቱ መሆኑን አያውቅም፣ አይጠይቅበትምም። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ብዙው አንባቢ አፉን የፈታው በኦሮምኛ በመሆኑ፣ በአማርኛ የተሳከረው ወደ ኦሮምኛ ሲመለስ መሳከሩ እጥፍ ይሆናል።

፬. ባለቤት ስለሌለው ዐረፍተ ነገር

መግለጫው እንዲህ ይላል፦ «ድረ ገጹን በሚጎበኙበት ጊዜ የተወሰኑ መረጃዎች ሊሰበሰቡና ለሦስተኛ ወገኖች ሊጋሩ ይችላሉ።» ማን ሰበሰበ? አልተባለም፤ ተደራጊው ግሥ አድራጊውን ዋጠው። ሊሰበሰቡ ይችላሉ ማለትስ ምን ማለት ነው? በአማርኛ ቻለ ዐቅምንም ፈቃድንም ያመለክታል፤ ድርጅቱ ምናልባት ይሰበስባል ማለት ነው ወይስ እንዲሰበስብ ተፈቅዶለታል? ሁለቱ በሕግ ፊት የተራራቁ ናቸው። መጋራትም የእንጀራ ቃል ነው፤ እንጀራውን ያጋራ የራሱ ድርሻ ይቀንስበታል። ስለ ሰው የተያዘ ዕውቀት ግን ለሌላ ሲተላለፍ የሚቀንስበት ተላላፊው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ስለዚህ «እናስተላልፋለን» ቢባል ይቀናል። ኩኪዎች የተባሉትንም አንባቢው ከሻይ ቤት ብስኩት አይለያቸውም፤ «በስልክዎ ላይ የምናስቀምጠው ትንሽ የመለያ ጽሑፍ» ማለት ቢረዝምም ይገባል።

፭. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተሉት ይወጣሉ። በአቀባበል ደንብ ውስጥ ጠቅላላ ስያሜው ስጦታ ይሁን፤ ልገሳ ለምስጋና ደብዳቤ ይቀመጥ፤ መዋጮ፣ እጅ መንሻና መማለጃ በየስማቸው ይጠሩ። ጎብኚ በሚባልበት ስፍራ «ገጻችንን የሚያነብ ሰው» ይባል። ግላዊነት የሚለው ርእስ ሆኖ ቢቈይ እንኳ ሥሩ በተራ ቃል ይፈታ። አድራጊው በየዐረፍተ ነገሩ ይጠቀስ።

በዚህ መንገድ ያንኑ አንቀጽ እንደገና ጽፌ፣ በመመለሻዬ ለዚያው ባለ ፈረስ አነበብሁለት፦ «ገጻችንን ሲያነቡ ስምዎን፣ ስልክዎንና ያሉበትን ቦታ እንመዘግባለን፤ ገንዘቡን ለሚያስተላልፍልን ባንክም እንሰጣለን።» ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያው እምቢ ብልስ?» አለኝ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሰምቶ ይህን አልጠየቀም ነበር። ድርጅቱም መልስ አላዘጋጀም፤ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ብንመለከተው እምቢ ለሚል ሰው የተጻፈ አንዲት መስመር አላገኘንበትም።