ስለ «ሀብተ ጊዮርጊስ» ስም አመጣጥና አጠቃቀም

ከመርካቶ ወደ ፒያሳ የሚሻገር ሰው ሁሉ «ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ» ይላል። የስሙን ፍች ሲጠየቅ ግን «የጊዮርጊስ ንብረት» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት እንዲሁ ይመስለን ነበር።

«ሀብት» በግእዝ «ወሀበ»፤ ማለት ሰጠ፤ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቹ ስጦታ ነው። ንብረት የሚለው ትርጉም የበረታው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ስሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስጦታ ማለት ነው። በ«ተ» መጨረሱም ገና ዘርፍ እንደሚጠብቅ ያሳያል። የሕዝብ ጆሮ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስሙን ሲያሳጥር «ሀብቴ» ይላል እንጂ «ሀብተ» ብሎ አያቆምም። ኃይለ ሥላሴን «ኃይሌ»፤ ገብረ ማርያምን «ገብሬ» የሚለውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

ድልድዩ የሚጠራባቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር የነበሩ፤ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። የፈረስ ስማቸው አባ መቻል ነው። አንዱ ስም ቤተ ክርስቲያንን፤ ሁለተኛው ኦሮሞ አባታቸውን፤ ሦስተኛው ጦር ሜዳን ያስታውሳል። ድልድዩ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ድልድይ የትውልድ መዝገብ አይደለም የሚሉን ጓደኞች አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በመዝገብም ላይ የሚደረገው ከዚህ የከፋ ነው።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ጓደኛችን እንደ ፊታውራሪው ባለ ጥምር ስም ነበር። መዝገቡ «የቤተሰብ ስም» ስለሚጠይቅ ስሙ ለሁለት ተከፈለ፤ ቅዱሱ አባት ሆኑና ወላጅ አባቱ ከወረቀቱ ወጡ። የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል የአባቱ ልጅ መሆኑን በሰው ምስክር ማስረዳት ግድ ሆነበት። የውጭ አገር ጸሐፊዎችም «ሥላሴ» የንጉሠ ነገሥቱ የቤተሰብ ስም መስሏቸው በ«ሥ» ፊደል ሥር ሲያሰፍሩ አይተናል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በ32ኛው አንቀጽ ለማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በስም፤ በአባትና በአያት ጸና። በዌልስ የሆነው ሌላ ነው። እዚያም እንደኛ ሰው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ «አፕ ሃወል» የሃወል ልጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የእንግሊዝ አስተዳደር ሲጠነክር ይህ አጠራር ቀስ በቀስ «ፓወል» ወደሚል ቋሚ የቤተሰብ ስም ተለወጠ። ዛሬ ፓወል የሚባል ሰው አባቱ ሃወል አይደለም።

እኛ የውጭውን ሥርዓት አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ሳይመረምሩ መገልበጥን ነው። ጥምር ስም በመዝገብ አንድ ሆኖ ይጻፍ፤ የአባት ስም በቦታው ይቀመጥ። በድልድዩም ላይ ስሙ ቢጻፍ «ዲነግዴ» የሚለው ቃል አይቅር።