መመለስና ዳግም መነሣት፦ በአንድ የጠፈር በረራ ጨዋታ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ዓምድ ልብ ወለድ፣ ቴአትርና ፊልም ሲመዘን ማንበብ የለመደ ሰው የኮምፒዩተር ጨዋታ ለሂስ ቀርቦ ሲያይ ግር ቢለው አልፈርድበትም። ጨዋታ የልጆች፣ ሂስ ደግሞ የአዋቂዎች ነው የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም አብሮን አለ። ይሁን እንጂ ዓለምን በራሱ መንገድ የሚተረጉምና ያንን ትርጉም አምነን እንድንቀበል የሚጋብዘን ማንኛውም ሥራ ሊመረመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምመረምረው «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» የተባለውን የጠፈር በረራ ጨዋታ ነው። ከጨዋታውም ውስጥ የማተኩረው ብዙ ተጫዋቾች በሚመኙት በአንድ ጉዞ ላይ ይሆናል፤ ይኸውም ከመሮጫ ሜዳ ተነሥታ፣ ሩቅ ጨረቃ ላይ አርፋ፣ አንድም አካሏን ሳትጥል ወደተነሣችበት ሜዳ የምትመለስ የጠፈር አውሮፕላን ጉዞ ነው።

ነገሩ ከሙያዬ ጋር የተያያዘው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ስለ ጠፈር ጉዞ የሚያወሳ መጣጥፍ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም፣ ተልእኮዋን ፈጽማ እንደገና ስለምትበር መንኮራኩር የተነገረውን ቃል «ተመላሽ» ብዬ አለፍኩት። ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ አንጋፋ አርታኢ ከቃሉ ሥር አስምረው፣ «ልጄ፣ የለስላሳ ጠርሙስም ተመላሽ ነው፤ ነገር ግን ሳይታጠብ አይሞላም» አሉኝ። ቃሉን «ዳግም የምታገለግል» በሚለው ተካሁት። መመለስና ዳግም ማገልገል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ግን በሚገባ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ ይህን ጨዋታ ስጫወት ነው።

በቅድሚያ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታውን የጠነሰሰው ፌሊፔ ፋላንጌ የተባለ ብራዚላዊ ሲሆን፣ ሠርቶ ያቀረበው መቀመጫውን ሜክሲኮ ሲቲ ያደረገው ስኳድ የተባለ ኩባንያ ነው። ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በ2011፣ ሙሉ እትሙ የወጣው ደግሞ በ2015 ነው። ተጫዋቹ ከርቢን በምትባል ምናባዊ ፕላኔት ላይ ሆኖ ሮኬትና አውሮፕላን ይገጣጥማል፤ ከርባል የሚባሉትን አረንጓዴ ፍጡራን አሳፍሮም ያበርራል። ከርቢን በቁመናዋ የምድር ታናሽ እኅት ናት። ሬዲየሷ 600 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከምድር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በገጿ ላይ ያለው ስበት ግን ከምድር ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል። ከዚህ የተነሣ ምድርን በቅርብ ምህዋር ለመዞር በሴኮንድ 7,800 ሜትር ገደማ መብረር ሲያስፈልግ፣ ለከርቢን 2,300 ሜትር ያህል ይበቃል።

ይህን ሥራ ከቀዳሚው ከ«ኦርቢተር» ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ኦርቢተር በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይሠራ በነበረው በማርቲን ሽዋይገር ተዘጋጅቶ ከ2000 ጀምሮ በነጻ የታደለ ሲሆን፣ እውነተኛውን ሥርዓተ ፀሐይ በእውነተኛው ልኩ ያቀርባል። በእኛ ቋንቋ ብንናገር ኦርቢተር ቃል በቃል፣ ከርባል ደግሞ በሐሳብ የተተረጎመ ሥራ ነው። ከርባል መጠኑን ያሳንሳል፣ ስሞቹን ይለውጣል፣ የብዙ አካላትን ስበት በአንድ ጊዜ ማስላቱን ትቶ በየቦታው በአንዱ ብቻ ይወሰናል። የምህዋርን ሕግ ግን አያዛባም። ለመድረስ መፍጠን፣ ለመውረድ መዘግየት፣ ለእያንዳንዷ ለውጥም በነዳጅ መክፈል ግድ ነው። ዋናውን ሐሳብ የጠበቀ ተርጓሚ ስለ ቃላቱ አይወቀስም፤ እኔም ከርቢን አነሰች ብዬ ጨዋታውን አልወቅሰውም።

ጉዞው የሚጀምረው በከርቢን የምድር ወገብ ላይ ከሚገኘው የመሮጫ ሜዳ ነው። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ፕላኔት ስትሽከረከር በወገቧ ላይ ያለ ነገር ከሁሉ የሚበልጠውን የመነሻ ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ጣሊያኖች በምንኖርባት በኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከተተከለው የሳን ማርኮ ማስወንጨፊያ ከ1967 እስከ 1988 ሳተላይቶችን ያመጠቁት ይህንኑ ጥቅም ሽተው ነበር። በ1970 ዓመተ ምሕረት በኬንያ የነጻነት ቀን ከዚያ የመጠቀችው የኤክስሬይ ሳተላይትም «ኡሁሩ» የሚለውን ስም ያገኘችው ዕለቱን ለማሰብ ነው።

አውሮፕላኗ ከሜዳው ስትነሣ ሞተሯ እንደማንኛውም ጄት አየር እየሳበ ይሠራል። በጨዋታው ራፒየር የሚባለው ይህ ሞተር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳበት፣ ከጋኗ ውስጥ ኦክሲጅን እየቀዳ ወደ ሮኬትነት ይለወጣል። ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ አየሩ ያልቃል፤ ምህዋር ይጀምራል። እኔ እዚያው ምህዋር ላይ ከሌላ አውሮፕላን ነዳጅ ቀድቼ በኑክሌር ሞተር ወደ ጁል አቀናሁ። ጁል አረንጓዴ፣ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። ዝቅተኛውን ነዳጅ የሚጠይቀው መንገድ 280 ቀናት ያህል ይፈጃል። ጨዋታው ጊዜን መቶ ሺህ እጥፍ ማፋጠን ስለሚፈቅድ ግን ይህ ሁሉ ዘመን ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ አይቆይም፤ በአራት ደቂቃ ያልፋል።

የጉዞው መድረሻ ከጁል ጨረቃዎች አንዷ የሆነችው ሌይዝ ናት። በጨዋታው ካሉት ጨረቃዎች ሁሉ ኦክሲጅን ያለበት አየር ያላት እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ የጄት ሞተር እዚያ ደርሶ ዳግም መተንፈስ ይችላል። የአውሮፕላን ጉዞ ትርጉም የሚያገኘውም በዚህ ነው። በእውነተኛው ሥርዓተ ፀሐይ ወፍራም አየር ያላት ጨረቃ የሳተርኗ ታይታን ብቻ ናት። የእርሷ አየር ግን በአብዛኛው ናይትሮጅን ሆኖ ሚቴን የተቀላቀለበት ነው፤ እዚያ ነዳጁ በአየር ውስጥ አለ፣ የጎደለው የሚያቃጥለው ኦክሲጅን ነው። ሌይዝ እንግዲህ የተርጓሚው ስጦታ ናት፤ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ የለችም።

የመጀመሪያዋ አውሮፕላኔ ሌይዝ ላይ በሰላም አረፈች። ጨረቃዋ በአብዛኛው ባሕር ስለሆነች ለማረፊያ የሚሆን ደሴት ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ደስታዬ ግን የነዳጁን መለኪያ እስካይ ድረስ ብቻ ቆየ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ የመሄጃውን እንጂ የመመለሻውን በቅጡ አላሰላሁም ነበር። ነዳጅ ለመጨመር ብነሣ ነዳጁን የሚሸከም ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ እርሱንም የሚያነሣ ሰፋ ያለ ክንፍ፣ ክንፉንም የሚገፋ ሌላ ሞተር ይጠይቃል። ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው የሮኬት ቀመር የሚነግረን ይህንኑ ነው። ቀመሩን ከዚያ በፊት በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን አብራሪዬ ባዶ ጋን ይዞ ደሴት ላይ ሲቀር ነው።

ጨዋታው ታላቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሽንፈቱ የማንም ክፋት ውጤት አይደለም። የሚተኩስ ጠላት የለም፤ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ እያንዳንዱን ኪሎ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ይህ ዕቃ ለምን ይሄዳል? ቢቀር ምን ይጎድላል? ዓረፍተ ነገር ከመከርከም ብዙም የማይለይ ሥራ ነው። አብራሪው በቆመበት ደሴት ላይ ጁል ከሰማዩ ንቅንቅ አይልም። ሌይዝ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ እርሱ ስለምታዞር፣ ፀሐይ ትወጣለች ትጠልቃለች፣ ያ አረንጓዴ ፊት ግን እዚያው ነው። ይህን የመሰለ የብቸኝነት ሥዕል በጥቂት ልብ ወለዶች ውስጥ ብቻ ነው ያየሁት።

በመጨረሻ የተስተካከለችው አውሮፕላን ደረሰች፣ አብራሪውን ጫነች፣ ተነሣች፣ ተመለሰች። በዚያው ሜዳ ላይ ጎማዋ ሲያርፍ፣ ያሁሉ ወራት አብራኝ እንደተጓዘች ሰው ቆሜ ልቀበላት ቃጣኝ። ከዚያም አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። አውሮፕላኗ ተሰወረች፤ የክፍሎቿም ዋጋ ሳንቲም ሳይጎድል ወደ ካዝናዬ ገባ። ሜዳው ላይ ያረፈ ዕቃ መቶ በመቶ ይታሰባልና። በማግሥቱ፣ በጨዋታው ማለቴ ነው፣ እንዳዲስ ላበርራት እችል ነበር።

ቅሬታዬ ያለው በዚህች ቁልፍ ላይ ነው። ይህች አውሮፕላን ሁለት ጊዜ የእሳት ነበልባል በሆነ አየር ውስጥ አልፋለች፤ የኑክሌር ሞተሯ ነድዷል፤ ሌይዝ ጨዋማ ባሕር አጠገብ ቆማለች። አንድም ብሎን አልላላም፣ አንድም ቱቦ አልተሰነጠቀም። በጨዋታው ክፍሎች በግጭትና በሙቀት ይሰበራሉ እንጂ አያረጁም። መሐንዲስ ቢኖርም ከጎማ መጠገንና ከጃንጥላ ማጠፍ ብዙም ርቆ አይሄድም። አብራሪውም አይርበውም፣ አያረጅም። ጨዋታው መመለስን በሚያስደንቅ ታማኝነት ተርጉሞ፣ ዳግም ማገልገልን ግን ሳይተረጉም ዘልሎታል።

የተዘለለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ የስፔስ ሻትል ታሪክ ይነግረናል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ዕቅዱን ሲያውጁ፣ ወደ ጠፈር መመላለስ የተለመደና ርካሽ እንደሚሆን ቃል ተገብቶ ነበር። ሻትሎቹ ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ በረሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ቁጥር በ1985 የተመዘገበው ዘጠኝ በረራ ነው። ተስፋው የተሰናከለው መመለስ ስላቃታቸው አልነበረም፤ እንደ አውሮፕላን ተንሸራተው በሚያምር ሁኔታ ያርፉ ነበር። የተሰናከለው ካረፉ በኋላ ነው። እንደ ዲስከቨሪ ባለችው መንኮራኩር ሆድና ጎን ላይ ከ24,000 በላይ የሙቀት መከላከያ ጡቦች ተለጥፈዋል። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ሠራተኞች እነዚህን ይመረምራሉ፤ ሞተሮቹንም ፈትተው ያያሉ፤ ሥራው ወራት ይፈጃል። ቻሌንጀር በ1986፣ ኮሎምቢያ በ2003 ሲጠፉ የአሥራ አራት ሰዎች ሕይወት አልፏል። የአንዱ መንሥኤ በብርድ የደረቀ የማሸጊያ ጎማ፣ የሌላው ደግሞ ከነዳጅ ጋኑ ተገንጥሎ የክንፉን ጠርዝ የመታ የአረፋ ቁራጭ ነበር። «ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል ለስልቻ ብቻ አልተነገረም።

ራፒየርን የምታስታውሰን «ሳበር» የተባለች የእንግሊዞች ሞተርም ዕጣዋ ያስተምራል። ሪአክሽን ኤንጂንስ የተባለው ኩባንያ በ1989 ተቋቁሞ አየር ሳቢና ሮኬት የሆነ ሞተር ለመሥራት ከሠላሳ ዓመት በላይ ደከመ፤ ሞተሩን ለበረራ ሳያበቃ በ2024 ተዘጋ። ዳግም ማገልገልን ይበልጥ ያቃረቡት፣ በ2015 በእግራቸው ቆመው ማረፍ የጀመሩትና በ2017 ዳግም የበረሩት የፋልከን 9 ሮኬቶች ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ የሚመለሰው የታችኛው ክፍላቸው ነው፤ ከመሮጫ ሜዳ በአንድ አካል ተነሥቶ ምህዋር ገብቶ የተመለሰ አውሮፕላን እስከ ዛሬ የለም።

«ታዲያ ጨዋታ እኮ ነው! ማን ነው ማታ ከሥራ ገብቶ ጡብ ሲቆጥር የሚያመሸው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው። ተጫዋቾች ራሳቸው ያዘጋጇቸው እርጅናንና ብልሽትን የሚጨምሩ ተቀጽላዎች መኖራቸውንም አልዘነጋሁም። ልብ ወለድም ቢሆን ገጸ ባሕሪው ጥርሱን ሲፍቅ አይተርክልንም። ሆኖም ጥሩ ደራሲ የዘለለውን ነገር መዝለሉን እንድናውቅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጥልልናል። ጨዋታውም ሁለት ሳምንት የሚል የጥገና ጊዜ ወይም ከመቶ አሥር የሚቀንስ ዋጋ ቢያኖር ኖሮ፣ ከሜዳው ጀርባ ዘይት የነካው እጅ መኖሩን ባስታወሰን ነበር። አሁን ባለበት ሁኔታ ግን አንድ ወጣት ከዚህ ጨዋታ ተነሥቶ መሐንዲስ ቢሆን፣ መብረርን ያወቀ፣ መጠገንን ግን የናቀ ሆኖ እንዳይወጣ እሰጋለሁ። ያረጀ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ «ደረስኩ» በሚለውና «ለነገ ዝግጁ ነኝ» በሚለው መካከል ያለውን የሌሊት ሥራ ያውቃል፤ የዚያ ሌሊት ባለሙያ ስሙ በየትም አይነሣም።

በአማርኛ የጠፈር ተሽከርካሪን መንኮራኩር ያልነው፣ ጥንት ለጋሪ ጎማ ይነገር በነበረ ቃል ነው። ስያሜው ያምርብኛል። ጎማ የሚመሰገነው አንድ ጊዜ ስለዞረ አይደለም፤ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚዞር ነው፤ ደጋግሞ የሚዞረውም ቅባት የሚቀባው ሰው ስላለ ነው። ከርባል ስፔስ ፕሮግራምን ላልሞከረው አንባቢ ያለ ማመንታት እጋብዛለሁ፤ ስለ ምህዋርና ስለ ስበት ከእርሱ የተሻለ መምህር በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ አላየሁም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አውሮፕላንዎ ከሩቅ ጨረቃ ተመልሳ ሜዳው ላይ ስትቆም፣ ቁልፏን ከመጫንዎ በፊት ጥቂት ይመልከቷትና ማን እንደሚያጥባት ያስቡ።