«ጨረር ዓሣ»፣ «መንጋጋ»፣ «መለየት»፦ በአንድ ረቂቅ ትርጕም ላይ የቀረበ ሂስ

ዘራቸው የጠፋ ዓሦችን ከጥርሳቸው ቅሪተ አካል ስለ መለየት የሚያስረዳ አንድ የመማሪያ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ፣ ከቃላት ዝርዝር ጋር ለአስተያየት ቀርቦልኛል። ሥራው ገና ረቂቅ ስለሆነ የተርጓሚውን ስም መጥቀስ ተገቢ አይሆንም። የደከሙበት መሆኑ በየገጹ ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሩ የቀና፣ የፊደል አጣጣሉም ጥንቃቄ የተደረገበት ነው። ይሁን እንጂ በሦስት ቃላት ላይ የተፈጸመው ስሕተት የጽሑፉን ፍሬ ነገር እስከ ማዛባት ደርሷል። ስሕተቱ የተርጓሚው ብቻ ሳይሆን በቃላት ስያሜ ሥራ ላይ የቆየን የብዙዎቻችን በመሆኑ በይፋ መነጋገሩ ይጠቅማል።

በቅድሚያ ነገሩን ራሱን እንረዳ። ጽሑፉ የሚመለከተው በእንግሊዝኛ «ሬይ» የሚባሉትን፣ አካላቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከሻርክ ጋር የሚዛመዱ ዓሦችን ነው። አፅማቸው አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ስለሆነ ከሞቱ በኋላ ቶሎ ይፈርሳል፤ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የሚገኘው በአብዛኛው ጥርሳቸው ነው። ጥርሳቸውም በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ እየወለቀ በአዲስ ስለሚተካ፣ አንድ ዓሣ ብቻውን እጅግ ብዙ ጥርስ በውኃው ወለል ላይ ጥሎ ያልፋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በተመራማሪው እጅ የሚገባው እንስሳው ሳይሆን ከአፉ የረገፈ አንድ ፍሬ ጥርስ ነው። ከጥርሱ ተነሥቶ ወደ እንስሳው የሚደረገው ጉዞ በፍርድ የሚደረግ እንጂ በዓይን የሚታይ አይደለም። ትርጕሙ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባው ይህንኑ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የእንስሳው ስም ነው። ረቂቁ «ጨረር ዓሣ» ብሎታል። በእንግሊዝኛ የዓሣው ስምና የብርሃን ጨረር ስም በድምፅም በጽሕፈትም አንድ ይሁኑ እንጂ ምንጫቸው ለየቅል ነው፤ የዓሣው ስም «ራያ» ከሚለው፣ የብርሃኑ ስም ደግሞ «ራዲዩስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስሕተቱ ፈገግ አሰኝቶ ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ሁለተኛው ቃል በሌላ ሰፊ የዓሦች ክፍል ስም ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም ክንፋቸው በቀጫጭን ዘንጎች እንደ ጨረር የተወጠረ፣ አፅማቸው አጥንት የሆነ ዓሦች ስም ነው። ከሐይቆቻችን የምናውቃቸው ቆሮሶና አምባዛ ከእነዚህ ይመደባሉ። ረቂቁ እነርሱንም «ባለጨረር ክንፍ» ሲል ይጠራል። እንግዲህ አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ተማሪ፣ «ጨረር ዓሣ» የ«ባለጨረር ክንፍ» ዓሦች አንዱ ዓይነት ነው ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል? ልም አጥንት ያለውንና አጥንት ያለውን ዓሣ የሚለየው መሠረታዊ ድንበር በአንድ ቃል ፈረሰ ማለት ነው።

ምን እንበለው? «ጠፍጣፋ ዓሣ» እንዳንል፣ አጥንታም ሆነው በጐናቸው የሚተኙ ሌሎች ጠፍጣፋ ዓሦች አሉ። የላቲኑን «ራያ» እንዳንወስድ፣ ራያ ለእኛ ሕዝብና አገር ነው። ስለዚህ «ሬይ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተቀብሎ፣ በጅራቱ እሾህ ያለውን «ባለእሾህ ሬይ»፣ ክንፈ ሰፊውን «ንስር ሬይ» ማለት ይሻላል። የባዕድ ቃል ተቀብሎ መልመድ፣ የራስን ቃል ያለ ቦታው ከመትከል ያነሰ ጉዳት አለው።

ሁለተኛው ስሕተት «መንጋጋ» ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ጥርስ የሚበቅልበትን የአፍ ክፍልም፣ በስተኋላ ያለውን ፈጪ ጥርስም ያመለክታል። በዕለት ተዕለት ንግግር ዐውዱ ስለሚያቃናው ችግር የለውም። ረቂቁ ግን ማንኛውንም ጠፍጣፋ ጥርስ «መንጋጋ» በማለት ሦስተኛ ትርጕም ጨምሮበታል። በዚህም ምክንያት «የላይኛው መንጋጋ መንጋጋዎች በሰባት ረድፍ ይሰለፋሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ተገኝቷል።

ይህ ዐረፍተ ነገር በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ከባድ ቁም ነገር የያዘ ነው። የ«ሚሊዮባቲስ» ወገን የሆኑ ንስር ሬዮች ጥርሳቸው እንደ ተገጣጠመ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመካከል አንድ ረድፍ ሰፋፊ ጥርስ፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ረድፍ ትንንሽ ጥርስ ይኖራል። «ኤቶባቱስ» የተባለው ወገን ግን የሚታየው አንድ ረድፍ ሰፊ ጥርስ ብቻ ነው። «ራይኖፕቴራ» ደግሞ ከመካከል ወደ ዳር ስፋታቸው ቀስ በቀስ የሚቀንስ በርካታ ረድፎች አሉት። ስለዚህ ወገን ከወገን የሚለየው በአንድ ጥርስ መልክ ብቻ ሳይሆን በረድፉ ሥርዓት ነው፤ ንጣፉ ተበታትኖ ጥርሱ ለየብቻው ሲገኝ ግን ይህ ማስረጃ ይጠፋል። የ«ሚሊዮባቲስ» ስም ራሱ ወፍጮን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ ቀንድ አውጣና የመሳሰለውን ቅርፊት የሚያደቅበትን ሥራ፣ በመጅና በወፍጮ ያደገ የአማርኛ አንባቢ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። እንግዲህ «መንጋጋ» ለአፍ ክፍሉ ብቻ ይወሰን፤ ጥርሱ «ጠፍጣፋ ጥርስ»፣ ስብስቡም «የጥርስ ንጣፍ» ይባል።

«መንጋጋ» ለጥርሱ የማይስማማበት ሌላም ምክንያት አለ። የሰው መንጋጋ ጥርስ ቦታውም ቅርጹም የጸና ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ካጂዩራና ትራይካስ በአትላንቲክ ባለእሾህ ሬይ ላይ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ግን፣ የተባዕቱ ጥርስ በሌላው ወቅት እንደ እንስቷ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በመራቢያው ወቅት በሹል ጥርስ ይተካል፤ ሹሉ ጥርስ እንስቷን ነክሶ ለመያዝ ያገለግለዋል። የእንስቷ ጥርስ ባለበት ይጸናል። አንድ ዓሣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥርስ ያረግፋል ማለት ነው። የዚህ ዓሣ ዘር ጠፍቶ ጥርሱ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሹሉና ጠፍጣፋው የሁለት ዝርያዎች ጥርስ ተብለው ቢሰየሙ አያስደንቅም ነበር።

ይህም ወደ ሦስተኛውና ወደ ከባዱ ስሕተት ያደርሰናል። ረቂቁ «መለየት» በሚል አንድ ግሥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይገልጻል፤ ይኸውም ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ ልዩነታቸውን ማሳየት፣ አንድን ጥርስ አስቀድሞ ስም ከተሰጠው ዝርያ ጋር ማስቀመጥ፣ እንዲሁም አዲስ ዝርያ መሰየም ናቸው። «ከዚህ ጥርስ አዲስ ዝርያ ተለየ» ተብሎ ሲጻፍ፣ አማርኛው ዝርያው በእርግጥ እንደ ነበረና እንደ ታወቀ አድርጎ ይናገራል። ዋናው ጽሑፍ ግን የሚለው፣ አንድ ሰው ለጥርሱ ስም እንዳወጣለት ብቻ ነው። «ዝርያ» የሚለው ቃል ራሱ በቋንቋችን ዘርንና ትውልድን የሚያስታውስ በመሆኑ ጥርጣሬው ይብስ ይሰወራል።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስል የጥናቱ ታሪክ ይመስክር። ሉዊ አጋሲ እ.ኤ.አ. ከ1833 እስከ 1843 በታተመው ስለ ቅሪተ አካል ዓሦች በጻፈው ታላቅ ሥራው፣ በርካታ የሚሊዮባቲስ ዝርያዎችን በጥርስና በጥርስ ንጣፍ መሠረትነት ሰይሟል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች እንደ ተረዱት ግን፣ በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ፣ በታዳጊውና በአዋቂው፣ በተባዕቱና በእንስቷ መካከል ያለው የጥርስ ልዩነት የዝርያ ልዩነት ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሆቬስታትና ሆቬስታት ኦይለር ዛሬ በሕይወት ያሉትን ንስር ሬዮች ጥርስ በመመርመር፣ የጥንቶቹን የወገን አመዳደብ እንደ ገና አይተውታል። ስሞቹ እንዲህ የሚነሡና የሚወድቁ ሲሆኑ፣ የእኛ ግሥ የጸኑ ማስመሰል የለበትም።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 እና 1933 በኦሞ ሸለቆ ጥናት ያካሄደው ካሚል አራምቡር፣ ከዚያ የተገኘውን ሬይ በ1947 ባሳተመው ሥራ በ«ፖታሞትራይጎን» ወገን ውስጥ አስቀመጠው። ይህ ወገን ዛሬ የሚኖረው በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ክሬግ ፋይብል የቱርካና ተፋሰስ ሬዮችን መርምሮ ወደ «ዳስያቲስ» ወገን አዛወረው፤ የዚህ ወገን ዓሦች በአብዛኛው የባሕር ስለሆኑም፣ ተፋሰሱ በጥንት ዘመን ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር በወንዝ ይገናኝ እንደ ነበር የሚያመለክት ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ቅሪቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ስሙ ሲለወጥ ግን የአንድ ወንዝ ታሪክ አብሮ ተለወጠ። በረቂቁ አነጋገር ሁለቱም ሊቃውንት ዓሣውን «ለይተውታል»፤ ለተማሪው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ነገር፣ ማለትም አንዱ ሌላውን ማረሙ፣ በዚህ ቃል አይገለጽም። «መድቦታል» ቢባል ኖሮ ግን የመደበውን ሌላ ሰው ሊያዛውረው እንደሚችል ግሡ ራሱ ይናገር ነበር።

አንዳንዶች፣ ለአንድ የባዕድ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መስጠት የስያሜ ሥራ መሠረታዊ ደንብ ነው ይላሉ። እኔም ቀደም ሲል በአንድ የስያሜ ኮሚቴ ውስጥ ስሠራ ይህንኑ ደንብ አጥብቄ ደግፌ ነበር፤ «መለየት» ብቻውን እንዲበቃ ድምፅ ከሰጡት አንዱ ነኝ። ደንቡ ዝርዝርን ያሳምራል። ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው የባዕዱ ቃል ራሱ አንድ ፅንሰ ሐሳብ ሲይዝ ነው። እንግሊዝኛው ሦስቱን ሥራዎች በአንድ ቃል ቢያጣምር፣ አማርኛ ደግሞ «መለየት»፣ «መመደብ»፣ «መሰየም» የሚሉ ሦስት የተጣሩ ግሦች ሲኖሩት፣ ሀብታችንን ትተን የሌላውን ችግር የምንዋስበት ምክንያት የለም።

በማጠቃለያ ረቂቁ ሳይታረም ባይታተም ይመረጣል፤ ቢታረም ግን ለመታተም የሚበቃ ሥራ ነው። «ጨረር ዓሣ» ይሰረዝ። «መንጋጋ» ወደ ጥንተ ቦታው ይመለስ። «ተለየ» የሚለው ግሥ በሚገኝበት ሁሉ፣ ተርጓሚው፦ የተነጻጸረ፣ የተመደበ ወይስ የተሰየመ? ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። አማርኛ በዕለት ንግግሩ አየሁ በሚለውና ይመስለኛል በሚለው መካከል ያለውን ድንበር የሚጠብቅ ቋንቋ ነው፤ ወደ ሳይንስ ሲገባ ይህን ልማዱን ደጅ ትቶ እንዳይገባ መጠበቅ የእኛ ኃላፊነት ነው።